ቴርሞሜትር ያልደረሰበትን ሙቀት የለካ ሊቅ፦ ያኮቡስ ቫንት ሆፍ (1852–1911)

የአንድን ነገር ሙቀት ለማወቅ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ቴርሞሜትር ነው። የሕመምተኛ ትኩሳት በብብቱ ሥር በሚገባ ቴርሞሜትር ይለካል። የመኪና ሞተር ሙቀትም በሾፌሩ ፊት ካለው ጌጅ ላይ ይነበባል። ነገር ግን ይህ መሣሪያ ፈጽሞ ሊገባበት የማይችል ስፍራ አለ። ለምሳሌ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ፀሐይ መትታው የደረቀ፣ ዛሬ ከምድር በታች የጨው ድንጋይ ሆኖ የተቀበረ ባሕር ቢኖር፣ ያ የባሕር ውሃ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበረ በምን ይታወቃል? ውሃው የለም፤ የለካውም ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኝበትን መንገድ የከፈተ ሰው ነበረ።

ይህ ሰው ሆላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ያኮቡስ ሄንሪኩስ ቫንት ሆፍ ነው። የሕይወት ታሪኩንና ዋና ዋና ሥራዎቹን ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲረዱልን እንጠይቃለን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቫንት ሆፍ ኦገስት 30 ቀን 1852 በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ለወላጆቹ ከተወለዱት ሰባት ልጆች እርሱ ሦስተኛው ነው። ገና በተማሪነቱ ለሂሳብና ለኬሚስትሪ የተለየ ፍቅር ነበረው። ይሁን እንጂ በኬሚስትሪ ብቻ እንጀራ ማግኘት አስተማማኝ መስሎ የማይታይበት ዘመን ስለነበረ፣ በ1869 በደልፍት ከተማ ወደሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። ሦስት ዓመት የሚወስደውንም ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጸመ።

በዚሁ ጊዜ ለዕረፍት ወራት በአንድ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ነበር። በፋብሪካው ያየው ሥራ ዛሬም ነገም ያው በመሆኑ ልቡን አልማረከውም። የተሠራውን እየደጋገመ ከመኖር ይልቅ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ማወቅን መረጠ። ስለሆነም በ1871 ሂሳብን ለማጥናት ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከዚያም በጀርመን አገር በቦን ከተማ ከታዋቂው ከኬኩሌ ዘንድ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ከቩርትስ ዘንድ ኬሚስትሪን ተማረ። በስተመጨረሻ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1874 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በኡትሬኽት ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረጉን ተቀበለ።

ፌዝ ያልሰበረው ወጣት

ዶክተር ከመሆኑ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በሴፕቴምበር 1874፣ ቫንት ሆፍ በሆላንድ ቋንቋ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ዕድሜው ገና 22 ዓመት ነበር። በዚያን ዘመን ኬሚስቶችን ያስጨነቀ አንድ እንቆቅልሽ ነበረ። ይኸውም፣ ከአንድ ዓይነት አቶሞች በእኩል መጠን የተሠሩ ሁለት ነገሮች፣ አንደኛው ብርሃንን ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚያዞሩት ለምንድን ነው የሚል ነው። ቫንት ሆፍ የካርቦን አቶም አራት እጆቹን በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሳይሆን በአራት ማዕዘናት ወደ ሕዋው ይዘረጋል አለ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ነገሮች ቀኝ እጅና ግራ እጅ እንደሚመሳሰሉ ይመሳሰላሉ፤ ዳሩ ግን አንዱ በሌላው ላይ ልክ ሊገጥም አይችልም። ፈረንሣዊው ለ ቤልም በዚያው ዓመት በራሱ መንገድ ወደ ተመሳሳይ አሳብ ደርሶ ነበር።

አዲሱ አሳብ ወዲያውኑ አልተከበረም። ወጣቱ ዶክተርም ቋሚ ሥራ ለማግኘት ተቸግሮ ከቆየ በኋላ በ1876 በኡትሬኽት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1877 በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረውና ስሙ የገነነው ኸርማን ኮልበ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ብርቱ የወቀሳ ጽሑፍ አወጣ። ማንም የማያውቀው የእንስሳት ሐኪሞች መምህር በምናብ ፈረስ ተቀምጦ አቶሞች በሕዋ ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩ አየሁ ይላል በማለት አፌዘበት። የተነቀፈው አሳቡ ብቻ አልነበረም። የሚያስተምርበት ቦታ ዝቅተኛነትም እንደ ማስረጃ ተቆጥሮበት ነበር።

እዚህ ላይ የሁለቱን ሰዎች አቋም ማነጻጸር ይገባል። ኮልበ ተራ ሰው አልነበረም፤ ለኬሚስትሪ ታላላቅ ሥራዎችን ያበረከተ ሊቅ ነው። ዓይን ያላየውን ነገር መናገር ሳይንስን ወደ ተረት ይመልሰዋል ብሎ ፈርቶ ነበር። ቫንት ሆፍ ግን ስድብን በስድብ አልመለሰም። በዚያው በ1877 ወደ አምስተርዳም ተዛወረ፤ በ1878 በ26 ዓመቱ የኬሚስትሪ፣ የማዕድንና የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ሆነ። ሥራውን ሲጀምር ያደረገውም ንግግር ምናብ በሳይንስ ውስጥ ስላለው ድርሻ ነበር። ለዚህም የ200 ያህል ሊቃውንትን የሕይወት ታሪክ መርምሮ፣ ከታላላቆቹ ብዙዎቹ በሥነ ጥበብ ወይም በሌላ መንገድ የሚገለጥ ብርቱ ምናብ እንደነበራቸው አሳየ። ለኮልበ ፍርሃት ሙሉ መልስ የሰጠው ግን በቃል አይደለም። ምናቡ የወለደውን አሳብ ሁሉ በቁጥርና በሚዛን እንዲፈተን በማድረግ ነው። ከዚህ በኋላ የተከተሉት ሥራዎቹ ይህንኑ ያስረዳሉ።

በብጥብጥ ውስጥ የተጻፈ ሙቀት

በ1884 ቫንት ሆፍ ስለ ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነትና ሚዛን የሚናገር መጽሐፍ በፈረንሣይኛ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ የሙቀትና የጉልበት ሕግ፣ ማለትም ቴርሞዳይናሚክስ፣ በውሃ ውስጥ ለሚሟሙ ነገሮችም እንደሚሠራ አስረዳ። አሳቡን ሁላችንም በምናውቃቸው ነገሮች ልናብራራው እንሞክራለን።

ባሩድ ከሚሠራባቸው ነገሮች ዋነኛው ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ጨው ነው። ይህ ጨው ውሃ ውስጥ ሲጨመር ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ጨው እየሟሟ በሄደ ቁጥር ሙቀትን ከውሃው ይወስዳልና። እንዲህ ሙቀትን እየወሰደ የሚሟሟ ነገር፣ ውሃው በሞቀ ጊዜ ይበልጥ ይሟሟል። በ100 ግራም ውሃ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 32 ግራም ያህል ብቻ ይሟሟል። በ40 ዲግሪ 64 ግራም፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 110 ግራም ያህል ይሟሟል። ኖራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲሟሟ ሙቀትን ስለሚሰጥ ከሙቅ ውሃ ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይሻላል። የምግብ ጨው በበኩሉ ሲሟሟ የሚወስደው ሙቀት በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ በ20 ዲግሪም ሆነ በ60 ዲግሪ የሚሟሟው 36 እና 37 ግራም ያህል ነው፤ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ይህ ዝምድና ከቫንት ሆፍ በፊት በጥቅሉ ይታወቅ ነበር። እርሱ ያደረገው በልክ የሚሰላ ማድረግ ነው። ጨው ሲሟሟ የሚወስደው ሙቀት፣ የሚሟሟው መጠንና የብጥብጡ ሙቀት ሦስቱም በአንድ የሂሳብ ማሰሪያ የተያያዙ መሆናቸውን አሳየ። በአንድ የታወቀ ሙቀት ምን ያህል እንደሚሟሟ ከተለካ በኋላ፣ ከሦስቱ ሁለቱን ያወቀ ሰው ሦስተኛውን ማስላት ይችላል።

ጉዳዩ በተግባር ምን እንደሚመስል እንመልከት። በአንድ ዕቃ ውስጥ ከሥሩ ያልሟሟ ፖታሲየም ናይትሬት የተረፈበት፣ የጠገበ ብጥብጥ አለ እንበል። ሠራተኛው ቴርሞሜትር የለውም፤ ሚዛን ግን አለው። ከላይ ካለው ጥሩ ብጥብጥ ጥቂት ቀድቶ ይመዝናል። ከዚያም ውሃውን አትንኖ የቀረውን ጨው ይመዝናል። ለ100 ግራም ውሃ 64 ግራም ጨው ከተገኘ፣ ብጥብጡ በተቀዳበት ሰዓት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ነበር ማለት ነው። በምግብ ጨው ይህን ለማድረግ ቢሞክር ግን አይሳካለትም። የ40 ዲግሪ ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ አንድ ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በመመዘን የሚፈጠር ትንሽ ስሕተት መልሱን ሁሉ ያበላሸዋል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው፣ ሲሟሟ ብዙ ሙቀት የሚወስድ ወይም የሚሰጥ ነገር ነው።

የስኳር ውሃና የመኪና ጎማ

ቫንት ሆፍ በአምስተርዳም ሳለ ሁጎ ዴ ቭሪስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ የሥራ ባልደረባው ነበር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ፕፌፈር በ1877 ስላሳተመው ጥናት የነገረው እርሱ ነው። ፕፌፈር ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉትን የሸክላ ዕቃ፣ ውሃን አሳልፎ ስኳርን በሚከለክል ስስ ሽፋን ለብጦ፣ በውስጡ የስኳር ብጥብጥ በማድረግ ንጹህ ውሃ ውስጥ አስቀመጠው። ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ በብጥብጡ ላይ ግፊት ፈጠረ። ይህም የኦስሞሲስ ግፊት ይባላል። ፕፌፈር 1 በመቶ ስኳር ባለበት ብጥብጥ ላይ ሲለካ፣ በ6.8 ዲግሪ ሙቀት 0.664 አትሞስፌር፣ በ36 ዲግሪ ደግሞ 0.746 አትሞስፌር ግፊት አገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች ብዙ ሰዎች አይተዋቸው ነበር። ቫንት ሆፍ ግን የሚያውቀውን ሌላ ነገር አየባቸው። የመኪና ጎማ በቀትር ፀሐይ ረጅም መንገድ ሲጓዝ በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ይህ ጭማሪ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ተነሥቶ ሲቆጠር በልኩ የሚሄድ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የጋዝ ሕግ ነው። ቫንት ሆፍ በስስ ብጥብጥ ውስጥ የሟሟው ስኳር፣ በባዶ ዕቃ ውስጥ እንደተበተነ ጋዝ ሆኖ ለዚሁ ሕግ እንደሚገዛ አስረዳ። አሳቡንም በ1885 ለስዊድን የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

ከዚህም የተነሣ ግፊቱን ያወቀ ሰው የብጥብጡን ሙቀት ወደ ኋላ ሊያሰላ ይችላል። ሆኖም መሣሪያው ፍጹም አልነበረም። ከመጀመሪያው ልክ ተነሥተን በ0.746 አትሞስፌር የሚገኘውን ሙቀት ብናሰላ፣ የምናገኘው 36 ሳይሆን ወደ 41 ዲግሪ ነው። ሕጉ ትክክል ሆኖ ሳለ የመለኪያው ስሕተት አምስት ዲግሪ ያሳስታል ማለት ነው። ቫንት ሆፍም በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ይህን የመሰለ ልዩነት ሳይደብቅ፣ የተለካውንና የተሰላውን ጎን ለጎን አሳትሟል።

ሌላም ችግር ነበረ። ፈረንሣዊው ራውል ነገሮች በውሃ ውስጥ ሲሟሙ ውሃው በዜሮ ዲግሪ መርጋቱን ትቶ ከዚያ በታች እንደሚረጋ በብዙ ልኬት አረጋግጦ ነበር። የቫንት ሆፍ ሂሳብም ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ከውሃ የመርጋት ሙቀት በመነሣት አስቀድሞ ለመናገር አስቻለ። ለአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 342 ግራም ስኳር፣ ማለትም አንድ ሞል፣ ቢጨመር ብጥብጡ የሚረጋው ከዜሮ በታች በ1.86 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሟሟ የሚያውቅ ሰው፣ በረዶው በብጥብጡ ላይ መታየት ሲጀምር ሙቀቱ ስንት እንደሆነ ያለ ቴርሞሜትር ያውቃል። የምግብ ጨው ግን ከሂሳቡ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ውጤት እየሰጠ አስቸገረ። ቫንት ሆፍ ምክንያቱን ሳያውቅ በሂሳቡ ውስጥ አንድ ማስተካከያ ቁጥር አስገባ። በ1887 ስዊድናዊው አሬኒየስ ምስጢሩን ገለጸ፤ ጨው በውሃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ወዳላቸው ሁለት ክፍሎች ይከፈላል። በዚያው ዓመት ቫንት ሆፍ ከኦስትዋልድ ጋር በመሆን የፊዚካል ኬሚስትሪን መጽሔት መሠረተ።

ይህ እውቀት በቤተ ሙከራ ብቻ የቀረ አይደለም። ደም ለፈሰሰው ቁስለኛ በደም ሥሩ የሚሰጠው የጨው ውሃ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው እንዲኖረው የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ንጹህ ውሃ ቢሰጥ የደም ሕዋሳት ውሃ ጠጥተው ይፈነዳሉ፤ ጨው ቢበዛ ደግሞ ውሃቸው ወጥቶ ይጨማደዳሉ። ዘጠኙ ግራም ግን ከደም ግፊት ጋር ይመጣጠናል። እዚህ ላይ የምንለው የልብን ምት ግፊት አይደለም፤ በሰው የሰውነት ሙቀት ወደ ሰባት አትሞስፌር ተኩል የሚደርሰውን የኦስሞሲስ ግፊት ነው።

የደረቀው ባሕር ሙቀት

ቫንት ሆፍ በአምስተርዳም የማስተማሩ ሥራ እየበዛ ለምርምር ጊዜ አሳጣው። በ1896 የፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ጥሪ ስላደረገለት ወደ በርሊን ሄደ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እያስተማረ የቀረውን ጊዜ ለምርምር አዋለ። የመረጠውም ጉዳይ በሽታስፉርት የሚገኘው የጨው ክምችት ነበር።

በሽታስፉርት ከ1861 ጀምሮ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ ይቆፈር ነበር። ጨው የተከማቸው ከዛሬ 250 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ባሕር ሲደርቅ ነው። በአንደኛው ንብርብር የምግብ ጨው፣ በሌላው ካርናላይት፣ በሌላው ካይናይት ይገኛል። ቫንት ሆፍና ረዳቱ ማየርሆፈር የባሕርን ጨዎች በተለያየ መጠንና ሙቀት እያሟሙ፣ ከብጥብጡ ውስጥ የትኛው ጨው ቀድሞ እንደሚወጣ ለብዙ ዓመታት መረመሩ።

ያገኙት ውጤት ከስኳሩ ብጥብጥ ይልቅ የጠራ ቴርሞሜትር ሆነ። ምክንያቱም አንዳንድ ጨው ከተወሰነ ሙቀት በታች ፈጽሞ አይፈጠርም። ለዚህ ቀላሉ ምሳሌ ሶዲየም ሰልፌት ነው። ከ32.4 ዲግሪ በታች ከብጥብጡ የሚወጣው ውሃ አዝሎ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ውሃውን ጥሎ ይወጣል። በሽታስፉርት ጨዎችም እንዲሁ ነው። ላንግባይናይት የተባለው ከ37 ዲግሪ ገደማ በታች ከባሕር ብጥብጥ ሊወጣ አይችልም። ካይናይት በአንጻሩ ከ83 ዲግሪ ገደማ በላይ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ቆፋሪው ከምድር ያወጣው አንድ የጨው ድንጋይ፣ የተፈጠረበት ውሃ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበረ ይመሰክራል። ከእነዚህ ጨዎች አንዱ፣ የሶዲየምና የማግኒዢየም ሰልፌት የሆነው፣ ለክብሩ ቫንቶፋይት ተብሎ ተሰይሟል።

ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ይህ ምስክር በጥንቃቄ መሰማት እንዳለበት አሳይተዋል። አንዳንዱ ጨው ባሕሩ ሲደርቅ ሳይሆን ከተቀበረ በኋላ በምድር ሙቀትና በሌላ ብጥብጥ የተለወጠ ነው። ድንጋዩ የሚናገረው ያን ጊዜ ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ መቃብሩ ሙቀት ነው። ይህም የቫንት ሆፍን ሕግ አላፈረሰም፤ የሚጠየቀው ድንጋይ ታሪኩ አስቀድሞ እንዲመረመር አስገደደ እንጂ።

ይህ ጉዳይ ከእኛም አካባቢ የራቀ አይደለም። አሞሌ እየተጠረበ በግመል ከሚጓጓዝበት ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከዳሎል፣ እነዚያው ካርናላይትና ካይናይት ይገኛሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ፖታሽ ከብዙ አገሮች ገበያ በተቋረጠ ጊዜ፣ የኢጣሊያ ኩባንያ የዳሎልን ፖታሽ እየቆፈረ በቀይ ባሕር ዳርቻ ወዳለው ወደ መርሳ ፋጡማ ወደብ ይልክ ነበር። በዳሎል የሚፈልቀው ጨው የጠገበ ውሃም ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ይገኛል። የሟሟ ጨው ውሃን በቶሎ እንዳይረጋ እንደሚያደርገው ሁሉ በቶሎ እንዳይፈላም ያደርገዋልና፣ ይህም ያው የቫንት ሆፍ ሕግ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ የኬሚስትሪውን ሽልማት የተቀበለው ቫንት ሆፍ ነው። የተሸለመውም ስለ ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነትና ስለ ብጥብጥ የኦስሞሲስ ግፊት ሕጎች ነበር። በወጣትነቱ የተፌዘበት የካርቦን አሳብም በዚያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር። ኮልበ ይህን ሳያይ በ1884 አርፏል።

ቫንት ሆፍ በ1878 ዮሐና ፍራንሲና ሜስን አግብቶ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዷል። በሳንባ ነቀርሳ ታምሞ ከቆየ በኋላ ማርች 1 ቀን 1911 በበርሊን አጠገብ በሽቴግሊትስ በ58 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ሊቅ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የሰው አሳብ የሚመዘነው በተነገረበት ስፍራ ታላቅነት አይደለም። በእንስሳት ሐኪሞች ትምህርት ቤት የተነገረው እውነት በላይፕሲግ ከተነገረው ፌዝ በልጦ ተገኝቷል። ሁለተኛው፣ ምናብ ለሚዛን ካልተገዛ ተረት ሆኖ ይቀራል፤ ሚዛንም ያለ ምናብ የፕፌፈርን ቁጥሮች አይቶ ያልፋል። ቫንት ሆፍ ሁለቱን አጣምሮ ስለያዘ፣ ዓይን ያላየውን የአቶም ቅርጽና እጅ ያልነካውን የባሕር ሙቀት ለማወቅ በቃ። በሆስፒታል አልጋ ላይ የተሰቀለው የጨው ውሃ ጠብታውን ባንጠባጠበ ቁጥር፣ የዚህ ሰው ድካም ሕይወት ሲያድን ይታያል።